በብሮካን ደጅ የጾምኩ ዕለት

ቤካን! ያንን የበግ ቆዳ ከሆድህ ላይ አውጣው። አሁኑኑ አውጣው አልኩህ! እናንተስ ምን ያስገለፍጣችኋል? እሱ ብሮካንን መስሎ ሆዱን ነፍቶ ሲንጎራደድ፣ ቋሊማ ከድስት ሲሰርቅ፣ አፉን በእጅጌው ሲጠርግ፣ እናንተ መሬት ላይ ትንከባለላላችሁ። አውቃለሁ፣ የሸለቆው ልጅ ሁሉ ይጫወተዋል። እናቶቻችሁም በልጅነታቸው ተጫውተውታል። ከዛሬ ጀምሮ ግን በእኔ ቤት ያንን ሰውዬ "ሆዳም" ብሎ የሚጠራውን ልጅ፣ የሳዊን በዓልም ይሁን ምንም ይሁን፣ ብርድ ላይ አውጥቼ በሩን እዘጋበታለሁ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

በሉ ተቀመጡ። ለውዛችሁን እየፈለፈላችሁ ስሙኝ፤ አሳማው እስኪበስል ገና ነው። ይሄን ነገር ሰውዬው በሕይወት እያለ ለማንም ላልተነፍስ ቃል ገብቼለት ነበር። ይኸው በጸደይ ቀበርነው። አሁን ካልተናገርኩ ሆዴ ይፈነዳል።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። እንደናንተው ከወላጆቼ ቤት ወጥቼ ሰው ቤት የማድግ ማደጎ ነበርኩ። አባቴ በሰባት ዓመቴ አሳዳጊ እናቴ ሙጋን ዘንድ ሲያደርሰኝ አንዲት ላም አብሮ ሰጠኝ። ላሟ ከሁለት ዓመት በኋላ ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። የቀረችኝ ጥጃዋ ብቻ ነበረች። ግንባሯ ላይ ነጭ ኮከብ ስለነበራት ሬትላ አልኳት፤ በኛ አፍ ኮከብ ማለት አይደል። ጣቴን ወተት ውስጥ እየነከርኩ አጥብቼ፣ ብርድ ሲመጣ አልጋዬ ሥር አስተኝቼ አሳደግኋት። ሙጋን "አንቺን የሚያገባሽ ሰው ይቺንም አብሮ ማግባቱ ነው" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከአባቴ ቤት የመጣ ነገር ከሷ ሌላ አልነበረኝም። እናቴ ናፍቃኝ ሳለቅስ እንባዬን የምትልስልኝ እሷ ነበረች።

ሬትላ ግን አመሏ ክፉ ነበር። የኛ ግቢ ሣር ጉልበቷ ድረስ በቅሎ እያለ፣ የሚያምራት የብሮካን ባሮ ሽንኩርት ነበር። ብሮካን ከወንዙ ማዶ፣ ዙሪያውን በአፈር ካብ በታጠረ ትልቅ ግቢ የሚኖር ጎረቤታችን ነው። ያ ሰው ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ ክብሩንና ምግብን። የትኛውን እንደሚያስበልጥ ሰው ይከራከር ነበር። በየሳዊኑ፣ በዚህ በመከር ማብቂያው በዓል፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አሳማው ሲቆረጥ፣ የመጀመሪያው ቁራጭ፣ ጭኑ፣ የሚሰጠው ለሱ ነበር። ባሮ ሽንኩርቱንም ሰው አያስነካም፣ በገዛ እጁ ነው የሚኮተኩተው፤ ለዚያው ለአሳማው መረቅ ብሎ። ሬትላ አንድ ቀን አጥሩን ጥሳ ገባች፤ ዝም አለ። ደግማ ገባች፤ ጮኸ። በሦስተኛው ሁለት መደብ ሙሉ ግጣ፣ የቀረው ሽንኩርት ላይ ጋደም ብላ ስታመሰኳ አገኛት። ጎትቶ በረት ውስጥ ዘጋባት።

መብቱ ነው፣ ምን ይባላል። ማሳህ ላይ ያገኘኸውን ከብት ትይዛለህ፤ ባለቤቱ በአምስት ቀን ውስጥ ካሳ ይዞ መጥቶ ያስለቅቃል። አምስቱ ቀን ካለፈ ግን ከብቱ የያዘው ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሙጋንን ትኩሳት ጥሏት ነበር። አምስተኛው ቀን ነው ባለችው ጠዋት እየተንገዳገደች ተነሣች፤ ሁለት ገንቦ ቅቤ ተካፍለን ተሸክመን ወንዙን ተሻገርን።

ብሮካን ገንቦዎቹን አየ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"እሜቴ ሙጋን፣ አዝናለሁ። አምስተኛው ቀን ትናንት ፀሐይ ስትገባ አለቀ።"

ሙጋን ደነገጠች። ቀን የሚጀምረው ማታ፣ ፀሐይ ስትገባ መሆኑን ጡት የሚጠባ ልጅ እንኳ ያውቃል። እሷ ግን ትኩሳቱ እያቃዣት ከጠዋት እስከ ጠዋት ቆጠረችው።

"አያ ብሮካን፣ ታምሜ እኮ ነው! እስቲ ፊቴን እየው!"

"አየሁት። ሄደሽ ተኚ፣ ቅቤሽንም ይዘሽ ሂጂ። ጥጃዋ ነገ ለሳዊን ትታረዳለች። ሽንኩርቴ ያለው ሆዷ ውስጥ ነው፤ እሷን ስበላ ሽንኩርቴን መልሼ አገኘሁ ማለት ነው።"

"አንተ ሆዳም!" አልኩት። አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ሙጋን ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"የዚችስ ምላስ ከጥጃዋ ይብሳል" ብሎ ገባ።

የዚያን ዕለት ሙጋን ትኩሳቱ አገርሽቶባት አልጋ ላይ ወደቀች። እኔ አለቀስኩ፣ ተንፈራፈርኩ፣ ከዚያ ደጅ መጾም ትዝ አለኝ። ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ግን ዛሬ ዛሬ የሚያደርገው ሰው እየጠፋ ስለሆነ ልድገምላችሁ። አቅም የሌለው ሰው፣ ባለጉልበት ሲበድለው፣ ሄዶ ደጁ ላይ ይቀመጣል፤ እህል አይቀምስም። ያኔ የቤቱ ጌታም እህል መቅመስ አይችልም፣ የተጣሉበትንም ነገር መንካት አይችልም። ወይ ይታረቃል፣ ወይ አብሮ ይራባል። እየተጾመበት የበላ ሰው ተሸነፈ፤ ጾሙም እዚያው ላይ አበቃ፣ ክብሩም ወረደ። ጿሚው ቀድሞ ከበላ ግን ጉዳዩ ሞተ፤ እሱም ዕድሜ ልኩን "ጾም አፍራሽ" ይባላል። ቢመሰክር አይሰማም፣ ቢምል አይታመንም። ዋናው ነገር ማን ቀድሞ በላ ነው።

በሳዊን ዕለት ጠዋት ለሙጋን ሳልነግራት ካባዬን ደርቤ ወጣሁ። በዚያ ሰሞን ለውዝ ስለቅም የሰነበትኩት ያንኑ ካባ ለብሼ ነው፤ ይሄን ያዙልኝ። የብሮካን ግቢ በር ላይ ቆሜ በምችለው ሁሉ ጮህኩ።

"ብሮካን ሆይ! እኔ ላሳር፣ የሙጋን ማደጎ፣ ስለ ጥጃዬ ደጅህ ላይ ጾሜብሃለሁ!"

ብዬ ቁጭ።

ውስጥ የነበረው ጫጫታ ቀጥ አለ። ብሮካን ጉንጩ በገንፎ እንዳበጠ ብቅ አለ። መናገር አልቻለም። ጣቱን ወደ አፉ ቀሰረ፣ ወደ እኔ ቀሰረ፣ ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ ዓይኑን አጉረጠረጠ። ከኋላው ዳኛው ሴናክ መጣ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ለበዓሉ የተጠራ እንግዳ ነው።

"ከመታወጁ በፊት አፍ የገባ ይዋጣል" አለ ሴናክ። "ማንኪያው ላይ ያለው ግን ቀረ።"

ብሮካን ዋጠ። "አንቺ ምን ዓይነት ጉድ ነሽ! በሳዊን ቀን? ሠላሳ እንግዳ ጠርቼ? ከትናንት ጀምሮ የሚቀቀል አሳማ ጥጄ?"

"ጥጃዬን መልስልኛ።"

"ቀኑ አልፏል አልኩ እኮ!"

"እንግዲያው ተራብ።"

"ሕፃን ይጾማል እንዴ? ሴናክ፣ ንገራት እንጂ!"

"አሳዳጊዋ ታማለች። ዛሬ በሙጋን ቦታ የቆመችው እሷ ናት፤ ትችላለች" አለ ዳኛው። ይህን ብሎ እንደጨረሰ ፊቱ ጠቆረ፤ ነገሩ የገባው ገና ያኔ ነው። የቤቱ ጌታ ካልቆረሰ እንግዳ አይበላም። "ምነው እኔም ቁርሴን በልቼ በመጣሁ" አለ ቀስ ብሎ።

ጉድ ፈላ። ሠላሳ ሰው ተርቦ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። አንዱ የማር ቂጣ ይዞ መጥቶ አፍንጫዬ ሥር አዞረው። አንዲት ሴትዮ "የኔ ቆንጆ፣ ትንሽ ቁራሽ ብትቀምሺ ማንም አያይሽም፣ እኔ እከልልሻለሁ" አለችኝ። ሌላው "ከዚያች አመለኛ የምትሻል ጥጃ ከበረቴ መርጠሽ ውሰጂ፣ በሞቴ ተነሺ!" ብሎ ለመነኝ። ሬትላን ነው የምፈልገው አልኩ። ከበረቱ ድምፄን ሰምታ ጮኸች። ሮናት፣ የብሮካን ሚስት፣ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

"ጎሽ የኔ ልጅ! ይሄን ሰውዬ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ለአንድ ጠዋት እንኳ አፉን ማዘጋት አልቻልኩም" አለችኝ።

ብሮካን ሰው ሁሉ ተናግሮ ሲሰለቸው በርጩማ አምጥቶ በሩ ውስጥ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ዓይን ለዓይን ተፋጠጥን። ነፋሱ የአሳማውን ሽታ እያመጣ ሁለታችንም ላይ ይደፋዋል።

"ይሸትሻል?" አለኝ።

"አይሸተኝም።"

"ያ አሁን የመጣው ቅጠሉ ነው። ጨው ቀጥሎ ይገባል። ከዚያ ባሮ ሽንኩርቱ ነበር፣ አንዳንድ ሰዎች ጥጃቸውን ማሰር ቢያውቁበት።"

"ዝም በልልኝ!"

"ቆዳው እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ሲነክሱት አፍ ውስጥ ይቀልጣል።"

"አያ ብሮካን፣ ራስህን ነው የምታሰቃየው።"

አሰበበት። "ልክ ነሽ" አለና ሆዱን ያዘ። ሆዱ ጮኸ፤ የኔም መለሰለት። መሳቅ አልፈለግኩም ነበር፣ ግን አመለጠኝ። እሱም ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ።

ትንሽ ቆይቶ "ቆይ ግን፣ ጥጃ እኮ ጥጃ ናት" አለኝ። "ሰውዬው ሌላ ልስጥሽ ሲልሽ ምን አስጨነቀሽ?"

ነገርኩት። ስለ አባቴ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ እንባዬ ሁሉንም ነገርኩት። መናገር አልነበረብኝም፤ ረሃብ አፍ ያስከፍታል መሰለኝ። ብሮካን በርጩማውን ወደ እኔ ጠጋ አደረገ። እሱም በልጅነቱ ሰው ቤት ያደገ ነው፣ ማን ያላደገ አለ።

ወዲያው ካፊያ ጀመረ። ብሮካን እየተነጫነጨ ተነሥቶ ቤት ገባ። ቆየት ብሎ በአንድ እጁ የበግ ቆዳ ይዞ፣ በሌላው እጅጌው አፉንና ፊቱን እየጠረገ ወጣ። ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ይሄንንም ያዙልኝ። ቆዳውን ትከሻዬ ላይ ወረወረልኝ።

"በብርድ ሞተሽብኝ ሌላ ጣጣ እንዳታመጪብኝ ነው" ብሎ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ካፊያው ሲያባራ የእንግዶቹ ልጆች ከግቢው ውጪ ሜዳ ላይ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሩር መምታት ጀመሩ። ብሮካን በረሃብ ደክሞ በርጩማው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ሩር ሲመታ ካየሁ የት እንዳለሁ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም እንዲያው ነኝ። አንዲት ቀይ ፀጉር ልጅ ሩሩን ይዛ ሁሉንም እያታለለች ስትሮጥ እኔ ተቀምጬ አብሬያት እሮጣለሁ፤ "ምቺው! ምቺው እንጂ!" እያልኩ እጮሃለሁ። መታችው። ገባ! እጄን ላጨበጭብ ሳነሣ ጭኔ ላይ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ።

የለውዝ ቅርፊት። የሦስት ለውዝ ቅርፊት።

ከካባዬ እጥፋት ውስጥ ነው የወጣው። ጣቴ አወጣ፣ ጥርሴ ሰበረ፣ እኔ አላወቅሁም። አፌ ውስጥ ፍርፋሪው ገና አለ። ብሮካንን አየሁት፤ ያንኮራፋል። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው ሁሉ ጨዋታው ላይ ነው። ቅርፊቱን ጠርጌ ቆዳው ሥር ደበቅሁት። አዎ፣ ደበቅሁት! ምን ታፈጡብኛላችሁ? ዐሥር ዓመቴ ነው፣ ጥጃዬ ልትታረድ ነው፣ ማንም አላየኝም።

ፀሐይ ወደ ኮረብታው ዘቅዘቅ ስትል ብሮካን ነቃ። አሳማውን በሩቁ አየ፣ እንግዶቹን አየ፣ እኔን አየ። በጣም ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ብድግ አለ።

"ሴናክ! ሰው ሁሉ ይስማ! በቃኝ። ጥጃዋን አምጡላት፣ ትውሰድ!"

የዚያን ጊዜ የተነሣው እልልታ! ዳኛው ራሱ ዘለለ፤ በዚያ ቁመቱ ሲዘል ባያችሁት። ሮናት ሬትላን በገመድ ስባ አመጣችልኝ። ጥጃዬ ሮጣ መጥታ አንገቴ ውስጥ ገባች። ጉንጬን ላሰችኝ። ያኔ ነው እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት። እሷ ስትልሰኝ እኔ የማስበው አፌ ላይ ያለውን የለውዝ ፍርፋሪ ነበር። ገመዷን እንደጨበጥኩ አፌ ራሱ ተናገረ።

"በልቻለሁ።"

"ምን አልሽ?" አለ ዳኛው።

"በልቻለሁ። ሦስት ለውዝ። ልጆቹ ሩር ሲመቱ። ሳላውቅ ነው፤ ኋላ ግን አውቄ ደብቄዋለሁ።" ቆዳውን ገለጥኩና ቅርፊቱን አሳየሁት።

እልልታው ጠፋ። ሴናክ ቅርፊቱን በመዳፉ ይዞ ቆመ። ልቡ እንደተሰበረ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር፤ ዳኛ ነውና ግን መናገር ነበረበት።

"ጾሙ ያኔ ፈርሷል። ፈርሶ ባለቀ ጾም የተሰጠ ቃል አያስርም። ጥጃዋ የብሮካን ናት። ብሮካን ቢፈልግ በስጦታ ሊሰጥሽ ይችላል፤ ስምሽን ግን እሱም እኔም ልንመልስልሽ አንችልም። ላሳር፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጾም..."

"ቆይ!" አለ ብሮካን።

ሁሉም ዞረ። ሰውዬው ፊቱ እንደ ደም ቀልቷል።

"እኔ ቀድሜያታለሁ" አለ።

"ምን?"

"በልቻለሁ አልኩህ! ካፊያው ሲጀምር ቆዳ ላመጣላት ስገባ፣ ከድስቱ ቋሊማ አውጥቼ በላሁ። አንድ ሙሉ። አፌን ስጠርግ አላያችሁኝም?"

"አይተናል!" አለ አንዱ ከኋላ። "እኔም አይቻለሁ!" አለ ሌላው። "እንዴታ፣ እጅጌውን ስቦ ነው የጠረገው!"

ሴናክ ቀስ ብሎ ቆጠረው። "ካፊያው ከጨዋታው በፊት ነው። ስለዚህ ጾሙ ያበቃው ያኔ ነው። አሸንፋለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ለውዝ አይደለም፣ በሬ ብትበላ ማን ይጠይቃታል።" ወደ እኔ ዞሮ "ጥጃሽን ውሰጂ፤ ቃልሽ እንደ ተከበረ ነው" አለኝ። ወደ ብሮካን ሲዞር ግን ድምፁ ተለወጠ። "አንተ ግን ሕፃን ደጅህ ላይ ተርባ እያለች ተደብቀህ በላህ። ሰባት ሳዊን ሙሉ የአሳማውን ጭን አትቀበልም። ከሰው ሁሉ መጨረሻ ትበላለህ።"

ሰዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ። ከዚያ አንዱ "ቋሊማ!" ብሎ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ሠላሳውም። ሳቁ ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። ብሮካን ራሱን ደፍቶ መሀላቸው ቆመ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት ማን መሰላችሁ? እኔ። "ሆዳም! ሆዳም!" እያልኩ ጥጃዬን አቅፌ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ይሄን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሸለቆው ያን ቀን ጨዋታ አገኘ። በነጋታው ልጆች ሆዳቸው ላይ ቆዳ አስረው ቋሊማ ሲሰርቁ ዋሉ። ይኸው ቤካን ድረስ ደረሰ።

ዐሥራ አራት ሲሞላኝ ወደ አባቴ ቤት ልመለስ ሆነ። ሬትላም ላም ሆና፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ አብራኝ ልትሄድ ነው። ጎረቤት ሁሉ ተሰናብቼ መጨረሻ ሮናት ጋ ሄድኩ። ስማኝ ስታበቃ እጄን አልለቅ አለች።

"አንድ ነገር ሳልነግርሽ ብትሄጂ እንቅልፍ አይወስደኝም" አለችኝ። "ያን ዕለት ከድስቱ አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቋሊማዎቹን ስከታቸው ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ዐሥራ ሁለት። ሳወጣቸውም ዐሥራ ሁለት ናቸው።"

"ታዲያ አፉን ምን ሲጠርግ ነበር?"

"እንፋሎት ነዋ! ድስቱ ላይ ፊቱን ደፍቶ ሲያሸት ቆየ፤ ፊቱ ሁሉ ራሰ። 'አንድ ጉርሻ ብቻ፣ ማን ያየኛል?' አለኝ። ከዚያ 'አይ፣ ልጅቷም እኮ ርቧታል' ብሎ ክዳኑን ከደነና ወጣ።"

መንገዱን እንዴት እንደሮጥኩት አላውቅም። ብሮካን ሽንኩርቱ መሀል ጎንበስ ብሎ ይኮተኩት ነበር።

"አልበላህም!" አልኩት እየጮህኩ።

"ሽንኩርቴን አትርገጪ።"

"አያ ብሮካን፣ አልበላህም! ለምን ዋሸህ?"

"ሮናት ናት አይደል? የዚች ሴትዮ አፍ!" መኮትኮቻውን ጣለና ወገቡን ይዞ ቀና አለ። "እኔ የቀረብኝ ሥጋ ነው። ሰባት ዓመት ቢቆይም ያልፋል። ያንቺ ግን የዕድሜ ልክ ነበር።"

"መብላቴን ደብቄ እኮ ነበር!"

"ታዲያ ማን አወጣው? ጥጃሽ እጅሽ ገብታ፣ ሰው ሁሉ እልል ብሎልሽ፣ አንድም ሰው ሳያይሽ በልቻለሁ ብለሽ ተናገርሽ። እንደዚህ ያለችውን ልጅ ቃሏ አይታመንም ብለን ካባረርን የማንን ቃል ልናምን ነው? የኔን?" ሳቀ፤ ሆዱ ተንቀጠቀጠ። "በይ አሁን ሂጂ። እኔ በሕይወት እያለሁ ይሄን ለሰው ብትተነፍሺ ያችን ላምሽን ነው የምበላት።"

አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ሽንኩርቱን ረገጥኩበት፤ ምንም አላለኝም።

ሰባቱ ዓመት አልቆ ጭኑ ሲመለስለት ግማሽ ጥርሱ ወልቆ ነበር። ስቆ ለልጆች ቆራርሶ ሰጠው። እኔም ወደዚህ ሸለቆ ተድሬ ተመለስኩ። ዛሬ ሰው በድንበር ሲጣላ፣ ከብት ሲጠፋ፣ "ላሳርን ጥሩልን፣ እሷ ካለችው አለቀ" ይባላል። ሰምታችኋል። ያንን ቃል ማን እንደጠበቀልኝ አታውቁም ነበር፤ አሁን አወቃችሁ።

ቤካን፣ ና ወደዚህ። ምን ያስለቅስሃል? ጨዋታውን የጀመርከው አንተ አይደለህም፤ እኔ ነኝ። በል አፍንጫህን ጥረግና ቆዳውን አምጣ። ዛሬ ሳዊን ነው፤ የሞቱት ከእኛ ጋር የሚበሉበት ቀን ነው። ቆዳውን እሳቱ አጠገብ ባለው መቀመጫ ላይ አንጥፈው፣ እዚያ፣ ሽታው በደንብ በሚደርስበት። አሳማው ሲወጣ ጭኑን እኔ እቆርጠዋለሁ፤ ትኩሱን፣ ከባሮ ሽንኩርት ጋር፣ ከማንም በፊት ለብሮካን እዚያ ታስቀምጥለታለህ።

አንድ ቋሊማም ጨምርበት። ያቺን ያን ዕለት አልበላትም።